ኬሱማን መተርጎም

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ማይክ ይዤ ዋልኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል። የማሟያ ምርጫው ቅስቀሳ ሁለተኛ ሳምንቱ። የቀድሞው የፓርላማ ተወካያችን ሹመት አግኝተው ወንበሩን ጥለው ሄዱ። እኛ ትዝ ያልናቸው ሲሰናበቱን ነው። አሁን ደግሞ ወንበሩን የሚፈልጉት አቶ ፈ. ናቸው።

እኔ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ዜና መጻፍ ነበር። ኃላፊዬ ጠርቶ፣ አቶ ፈ. በኦሮምኛ የሚናገሩትን ለወሎ ሰፋሪዎች በአማርኛ እንድተረጉም አዘዘኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ለአንድ ተወዳዳሪ? አልኩት። ሳቀ። የሰፋሪ ልጅ ስለሆንሽ ይሰሙሻል አለኝ። ደብተሬ፣ ያን ሳቅ ብታዪው። ያስጠላል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሲሬ ከተማ። አውቶቡስ የሚቆምበት ጋ ቲሸርት ታደለ። ሽማግሌ ከጎረምሳ ተጋፋ። ለገበሬው ማዳበሪያ፣ ለነጋዴው መብራት፣ ለወጣቱ ሥራ። ቃል መግባት ቀረጥ የለበትም።

መኪና ውስጥ ስንገባ አቶ ፈ. እጃቸውን በእርጥብ ሶፍት ጠረጉ። ጣት በጣት። የጨበጧቸውን ገበሬዎች መጥረጋቸው ነው። ከዚያ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ጎበዝ ነሽ። ስሜን እስካሁን አልጠየቁኝም።

እሑድ የእኛ መንደር ተራ ነው። አባዬ ደውሎ ከፊት እቀመጣለሁ አለኝ። ደስ ብሎታል።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ጉቶ ጊዳ፣ ቆላው፣ የእኛ ሰፈራ። ግሬደር መጥቶ መንገዱን ጠርጓል። እስከ ስብሰባው ሜዳ ድረስ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጤና ኬላው ያው ጭቃ።

አባዬ ነጭ ቆቡን አድርጎ ከፊት። አቶ ፈ. ጀመሩ። ሰፋሪዎቹን «ኬሱማ ኬኛ» አሏቸው። እንግዶቻችን። ቀጠሉ፦ እንግዳ ሥርዓቱን ካወቀ ማን ይነካዋል። ይህን ሁሉ እየሳቁ።

በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጡ ሰዎች ናቸው። አባዬ እናቱን የቀበረው እዚህ ነው። አርባ ዓመት የሚሞላው እንግዳ የት አገር አለ?

ማይኩ እጄ ላይ። ምን አልኩ መሰለሽ? «ወገኖቻችን ናችሁ፣ አብረን እንሠራለን እያሉ ነው።» ጭብጨባው ቀለጠ። ከሁሉም በላይ አባዬ። አቶ ፈ.ም ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። ግማትን በሽቶ መሸፈን ይኸው ነው። መኪናው ኋላ ሄጄ ተደበቅኩ። እውነቴን ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ፈቃድ ወጣሁ። ባጃጅ እስከሚገባበት፣ ከዚያ በእግሬ። አባዬ በቆሎ ሲኮተኩት አገኘሁት። ኦሮምኛ እንደሚችል አውቃለሁ። ግን የገበያ ነው፣ የስብሰባው አይገባውም እያልኩ ራሴን ሳታልል ሰንብቻለሁ።

ሰውየው እሑድ ያሉት እኔ እንዳልኩት አይደለም ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«ኬሱማን አንች ሳትወለጂ ነው የማውቃት» አለ። «የመጣን ለት ገመቹ በዛች ቃል ነው ቤቱ ያስገባኝ። ያኔ ማር ነበረች።»

ኦቦ ገመቹ ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬም ከአባዬ ጋር በሬ ያቀናጃሉ። እንግዳ ብለው የጠሩት ያን ለት ብቻ ነው፣ ሲነጋ ትተውታል።

ታዲያ ለምን አጨበጨብክ? አልኩት።

«አንች ያልሽው ደስ ብሎኝ ነዋ። ሰውየውንማ ሰምቸዋለሁ።»

ሁሉም ሰምቷል። ሜዳ ሙሉ ሰው ሰምቶ፣ ልጃችን እንዳታፍር ብሎ ነው ያጨበጨበልኝ። አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አልነበረም፣ የጠየቀ ግን የለም። ስሄድ አባዬ «አብሽሪ፣ እንጀራሽ ነው» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15፣ ከሰዓት በኋላ፣ መ/ቤት

ኃላፊው ጠራኝ። ነገ የመዝጊያው ስብሰባ እዚያው ሜዳ ላይ ነው፣ ነባሩም ሰፋሪውም ባንድ ላይ። እንደ እሑዱ አድርጊው፣ አሳምረሽው ነበር አለኝ። አሳምረሽው! እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። አቶ ፈ. ካሸነፉ ዞን ላይ የሥራ ቦታ እንደሚያገኙልኝም ነገረኝ። ዋጋዬን ሳልጠይቅ ቆርጠውልኛል። ሶፍቱ ትዝ አለኝ፣ ለካ ለእኔም ተዘጋጅቷል።

ወሰንኩ። ነገ እሄዳለሁ። ኬሱማ ካሉ እንግዳ ነው የምለው። ሥርዓቱን ካወቀ ካሉም እንዳለ፣ ሳላሳምር። ሰዉማ ያውቀዋል። ግን በማይክ ከተነገረ በኋላ አልሰማሁም ብሎ የሚያስመስል አይኖርም፣ እሳቸውም ጭምር። ጭብጨባ ካለ ያኔ እናያለን።

ሰኞ ከሥራ እባረር ይሆናል። ቡርቃ ጃቶ የተከራየሁትን ክፍል እለቃለሁ። እፈራለሁ፣ አልዋሽሽም።

አባዬ ነገም ከፊት ነው የሚቀመጠው። አትምጣ ልለው ስልኩን አነሳሁ። ጠራ። «ወዬ ልጄ» ሲለኝ፣ ደህና ዋልክ ወይ ብቻ ብዬው ዘጋሁ። ይምጣ።