ከወናጎ የመጣው የሳንቲም ስልክ

ደግነት፣

ከሰበሰብኳቸው አሮጌ የሳንቲም ስልኮች ሌሎቹን እንደፈለግህ አድርጋቸው፣ ከወናጎ ያመጣሁትን ግን አትንካብኝ ብዬህ ነበር። ልታስደስተኝ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ፣ ብርቱካናማ ቀለም ቀብተኸው ጠበቅኸኝ።

ትናንት ገበያ ላይ አንዲት እናት ፈልገው አገኙኝ። ልጃቸው የጠፋ ቀን ከዚያ ስልክ ደውሎላቸው፣ «የሚከታተለኝን መኪና ታርጋ ቁጥር ስልኩ ጎን ላይ በሳንቲም ጭሬዋለሁ» ብሏቸው ነበር። ስልኩ ተነቅሎ የት እንደገባ ሲያፈላልጉ ኖረዋል። ቁጥሩን በቃሌ አልያዝኩትም፣ ጽሑፉ ግን አለ፣ ነገ ከሰዓት ቤት ይምጡ አልኳቸው።

ቤት ስደርስ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሰዎች ስለዚሁ ስልክ ሊጠይቁ መጡ። የገዛህበትን ቦታ አሳየን ብለውኝ አብሬያቸው ወናጎ እየሄድኩ ነው። በር ላይ እየጠበቁኝ ነው።

መኪናቸው ታርጋ የለውም።

በሩን ከውስጥ ቆልፍ። እስከ ማታ ካልመጣሁ ለወንድሜ ለአብዱልአዚዝ ደውል፤ እማዬ እንዳትሰማ።

ስትፈገፍገው ቁጥሩን አንብበኸው ከነበረ ለእኚያ እናት ብቻ ንገራቸው። ሰዎቹን ግን፣ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ ብያቸዋለሁ።

አሚን