ግማሽ አቶም የለም

ሰኞ
ማርቆስ የኬሚስትሪ ፈተናውን ቀደደው። ከሃያ አራት ነበር ያገኘው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ትምህርት አቋርጦ ስለነበር አስራ አንደኛ ክፍልን ከእኔ ጋር ነው የሚማረው። የእኔን ውጤት ደበቅኩ። ወደ ቤት ስንመለስ «በቃ፣ አጎቴ ጋ እሄዳለሁ» አለኝ። አጎታችን ያለበት ደቡብ አፍሪካ ማለቱ ነው። የቀልዱን መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ
ትምህርት ቤት ቀረ። ከሰዓት ወደሚሠራበት ብየዳ ቤት ሄድኩ። የዛገ የመስኮት ፍሬም በብሩሽ ይፍቃል። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ግን ስለ ፈተናው ጀመርኩ። ጥያቄው ብረት ሰባ በመቶ፣ ኦክስጅን ሠላሳ የሆነ ውህድ ፎርሙላው ምንድን ነው የሚል ነበር። ለአቶሚክ ክብደታቸው አካፍሎ፣ የመጡትንም ለትንሹ ቁጥር አካፍሎ አንድ ለአንድ ተኩል መጥቶለታል። ከዚያ ተኩሉን ወደ ሁለት አጠጋጋው!
«ታዲያ ግማሽ አቶም ልጻፍ?» አለኝ።
«ግማሽ አቶም የለም። ሁለቱንም በሁለት አባዛቸው።»
ሁለት ለሦስት። Fe₂O₃ ብሎ በምስማር መሬት ላይ ጻፈ።
«ምንድን ነው ይሄ?»
«ስትፍቀው የዋልከው ዝገት ነዋ።»
ሳቀ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ።

ረቡዕ
ትምህርት ቤት መጣ። ቲቸር ሰናይት ኢምፔሪካል ፎርሙላው፣ ማለትም የአቶሞቹ ትንሹ ጥምርታ፣ CH₂O የሆነ፣ የሞለኪውሉ ክብደት 180 የሆነ ውህድ ሰጠችን። ማርቆስ እጁን አወጣ! CH₂O ሠላሳ ይመዝናል፤ 180 ሲካፈል ለሠላሳ ስድስት፤ ሁሉንም በስድስት። ግሉኮስ። የአቼቶው አሲድም ኢምፔሪካሉ ያው CH₂O ነው አለችን፤ ክብደቱ ካልታወቀ አይለዩም። ወደ ቤት ስንመለስ ማርቆስ መንገዱን ሙሉ «ግሉኮስና አቼቶ!» እያለ ሄደ። ዓርብ ለወደቁት ድጋሚ ፈተና አለ።

ሐሙስ
አጎቴ ደወለ። ማርቆስን የሚያሻግረው ደላላ መኪናው እሑድ ሌሊት ይነሳል ብሏል። ክፍል ውስጥ ከኋላችን የሚቀመጠው ታምራትም ከሚሄዱት አንዱ ነው። እማዬ ማርቆስን በሀዲይኛ «አንተ ታውቃለህ» ብላው ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። እንሰቱ ሥር ቆማ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ በዚያው መንገድ ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ እናቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። እማዬ እሷን እያሰበች ነበር።
እኔስ ምን ልበለው? ተማር ልበለው? የሰፈራችን ልጅ ዲግሪ ይዞ ባጃጅ ይነዳል። ይህንን ማርቆስም ያውቃል።

ዓርብ
ከሃያ አስራ ስድስት! ቲቸር እዚያው አረመችለት። ውጭ ቆሞ ራሱ አጎቴ ጋ ደወለ። «አስራ ሁለተኛን ልጨርስ፣ ከዚያ እናያለን» ሲል ሰማሁት። አጎቴ ጮኸ፤ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለው። ማርቆስ «ስጥ» አለው።
ቤት ስንገባ ለእማዬ ነገራት። እጁን ይዛ ብዙ ቆየች።

ሰኞ
መኪናው ሄዷል። ቲቸር ስም ስትጠራ ታምራት ጋ ደረሰች። ደግማ ጠራችው።
ማርቆስ ዞሮ ባዶውን ወንበር አየ። «አሁን የት ደርሶ ይሆን?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። የራሱ ስም ሲጠራ «አቤት» ያለው በጣም ጮክ ብሎ ነበር።