ለግቢያችን ኮሚቴ ሊቀመንበር፦ ስለ መኪናዬ ማቀዝቀዣና በር ዘግቶ ስለሚሄደው ጋዝ

ለተከበሩ የጋራ ግቢያችን ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከበራችን ፊት ለፊት ጋራዥ የከፈቱት አማችዎ እንዴት ናቸው? እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖረው ጎረቤትዎ ነኝ። ዓርብ ዕለት «በግቢ ውስጥ መኪና ስለመጠገንና አጠራጣሪ ድርጊት ስለመፈጸም» በሚል ርዕስ ለላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። መልሴን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ጎረቤቶቻችን ከትጋትዎ እንዲማሩ ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም።

አንደኛ፤ የመኪናዬ ማቀዝቀዣ በዚህ ዓመት አራት ጊዜ ጋዙ አልቆበት ጋራዥ ገብቷል። አራቱንም ጊዜ የሞሉልኝ አማችዎ ናቸው፤ አራቱንም ጊዜ «እህቴ፣ መኪናሽ እኮ አርጅታለች፤ ያረጀ ነገር ማፍሰሱ አይቀርም» ብለው አጽናንተውኛል። የሚገርመው፣ ጋራዡ ከተከፈተ ወዲህ የግቢያችን መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ማርጀቱ ነው።

ሁለተኛ፤ እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን በዚህችው መኪና ለኩላሊት እጥበት ትመላለሳለች። አስም ስላለባት አቧራ አይስማማትም፤ መስኮት አንከፍትም። ከሦስት ሳምንት በፊት ማቀዝቀዣው ትኩስ አየር ሲተፋብን መንገድ ላይ ራሷን ስታ ትከሻዬ ላይ ተደፋች። ያን ቀን በጣም ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ተናድጃለሁ።

ሦስተኛ፤ በዚህ ምክንያት ፍሪጅ ጠጋኙን አጎቴን ለመንኩት። እዚሁ ማቆሚያው ላይ ያረጁትን የጎማ ቀለበቶች ቀየረ፣ ጋዙን ሞላ፣ የሚያፈስበትን ቦታ የሚያሳብቅ ቀለምም አብሮ ጨመረ። ይህ ቀለም እጅ ከነካ በሳሙና እንኳ ቶሎ አይለቅም፤ እንዲሁ ሲያዩት ልብ አይባልም፤ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለይበት ሐምራዊ መብራት ሲያርፍበት ግን አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ይላል። ሁለት ሳምንት እፎይ ብለን ከረምን። ሐሙስ ጠዋት ጋዙ ድራሹ ጠፋ።

ዓርብ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ኮፈኑ ሥር የገባሁት፣ መብራቱ ጨለማ ስለሚፈልግ ነው፤ እርስዎ «አጠራጣሪ ድርጊት» ያሉት ይህንኑ መሰለኝ። ቧንቧዎቹ ንጹሕ ነበሩ። ቀለሙ የተረጨው ጋዝ መሙያው አፍ ዙሪያ ብቻ ሲሆን፣ ክዳኑ ግን ተመልሶ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ጋዝ እንደሚያመልጥ አውቃለሁ፤ ሲወጣ በሩን ዘግቶ እንደሚሄድ ግን አላውቅም ነበር።

አራተኛ፤ የውሃ ቦቴ ሲመጣ መኪኖቹ እንዲነሱ በሚል፣ ሁላችንም ቁልፋችንን ቢሮዎ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ እንድናንጠለጥል የደነገጉት እርስዎ ነዎት። ብልህ አሠራር ነው፤ ያለ ቁልፍ ኮፈንም አይከፈትምና። ጥበቃው እንደነገረኝ ረቡዕ ዕለት ቦቴ የሚባል ነገር ዝር አላለም፤ የእኔ ቁልፍ ግን ከለመደው ሚስማር ተነሥቶ ሌላ ሚስማር ላይ አድሯል። ሰው መጠርጠር አልወድም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉትን አባቶች ማስቀየምም አልፈልግም።

አምስተኛ፤ ማስጠንቀቂያዎ ሲደርሰኝ መብራቱ እጄ ላይ ነበር። ከማኅተሙ ጎን የአንድ አውራ ጣት፣ ከወረቀቱ ጀርባ የሁለት ጣቶች አሻራዎች አረንጓዴ ሆነው በሩ። የራሴ እንዳይሆኑ ደጋግሜ አመሳከርኩ፤ የእኔ አውራ ጣት የዚያን ግማሽ አይሞላም። ምናልባት አማችዎን ሲጨብጡ ነክቶዎት ይሆናል። አልፈርድም።

አጎቴ ቅዳሜ ጋዙን እንደገና ሞልቶልናል። ቁልፌ ከእንግዲህ ኪሴ ውስጥ ያድራል፤ ቦቴው ሲመጣ ይጥሩኝ፣ እየሮጥኩ እወርዳለሁ።

ለሰው መኪና ይህን ያህል ለሚጨነቀው ልብዎ ዕረፍት፣ ለጣቶችዎም ጥሩ ሳሙና እየተመኘሁ፣

በፍጹም አክብሮት፣
የሦስተኛው ፎቅ ጎረቤትዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳነብላት «ተይ ልጄ፣ ሰው ከማዋረድሽ በፊት ጠይቂው፤ እሱም የሰው ልጅ ነው» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሕክምናዋ እንሄዳለንና፣ ይምጡና እርስዎ አለመሆንዎን ዓይኗን እያዩ ይንገሯት። መስኮት ስለማንከፍትላት ገብተው አጠገቧ መቀመጥ ይኖርብዎታል። አይዞዎት፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።