ቦርሳዬን ያልከፈትኩ ዕለት

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አርዋ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ቀሎላታል። "ደውልላት፣ ምን ያስጽፍሃል?" ትለኛለች። ይሄ ግን በስልክ የሚነገር አይደለም።

የድርጅታችንን የበር ፍተሻ መቼም አትረሺውም። ለሰው ልጅ ክብር የሚሠራ የእርዳታ ድርጅት እየተባለ፣ ከሥራ ስንወጣ የሐበሻው ቦርሳ ይበረበራል፣ ፈረንጁ ዝም ተብሎ ያልፋል።

መስከረም ላይ ወይዘሮ ወለተማርያም፣ የሕፃናት ምግብ ፕሮግራሙን አሥራ ስምንት ዓመት የመራችው፣ ልጇ ትምህርት ቤት ታሞባት እየሮጠች ስትወጣ ጥበቃው ተስፋለም አስቆማት። የሴት ዕቃዋ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። በዚያችው ደቂቃ፣ ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ፈረንጅ ሻንጣውን እየጎተተ "ቻው!" ብሎን አለፈ።

ቀጥሎ የኔ ተራ ነበር።

"አልከፍትም" አልኩ።

"ጋሼ ዘይኑዲን፣ ትዕዛዝ ነው እኮ። እባክዎ፣ በቃ" አለኝ ተስፋለም አንገቱን ደፍቶ።

"አውቃለሁ ልጄ። ካንተ ጋር ጠብ የለኝም። የሁሉም እስኪከፈት የኔም አይከፈትም።"

ቦርሳዬን እንደተዘጋ መሬት አስቀመጥኩ። ሃያ ሦስት ዓመት የድርጅቱን መኪና ስነዳ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። ከኋላዬ የነበሩትም አንድ በአንድ የየራሳቸውን አስቀመጡ። ዳይሬክተሩ ከፎቅ ወርደው "ለአገር ውስጥ ሠራተኞች የወጣ ተራ ደንብ ነው" አሉ።

ወለተማርያም ዕቃዋን እየለቀመች ቀና አለች። "ሌባ የሚወለደው እዚህ አገር ብቻ ነው? ደንቡ ሲጻፍ ከእኛ ማን ነበረ?"

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ልጇ ሮጠች። መልሱን እኛ ጠበቅን። ተስፋለምም የፍተሻ መዝገቡን ዘግቶ ከእኛ ጎን ቆመ።

በማግስቱ አርባ አንድ ሰው የፈረመበት ደብዳቤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክን። ማስፈራሪያም ልመናም መጣ፤ ፊርማውን ያነሳ ግን የለም። ከውጭ ሰዎች ተላኩ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ ሆነ።

ፍተሻው ቀረ። እሱ ትንሹ ነው! ሥራው የት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቀጠር በሚወስነው ኮሚቴ ከዘጠኙ ሰባቱ አሁን የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ሹፌሮቹ እኔን መርጠዋል። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ዳይሬክተራችን ወለተማርያም ናት። ግቢው በእልልታ ሲናወጥ የካዛንቺስ መንገደኛ ሰርግ መስሎት በበሩ ያጮልቅ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ "በምን እንጀምር?" ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ።

"ከአራት ዓመት በፊት ስለዚህ ፍተሻ ተናግራ ኮንትራቷ ያልታደሰላት ልጅ አለች። በእሷ እንጀምር።"

አዲሶቹ "ማን ናት?" አሉ።

"የኔ ልጅ ናት" አልኩ። "ያን ቀን ከኋላዋ ተሰልፌ ነበር። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየሁ። ቤት ስንገባም 'ዝም ብትይ ምን ነበረበት?' አልኳት።"

ከዚያ ይቅርታ የሚጠይቅሽ ደብዳቤ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ወለተማርያም ፈርማበት ይደርስሻል። ተመለሺ ለማለት አይደለም፣ ሥራሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ።

የእነሱ ከመድረሱ በፊት የኔ ይቅደም ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ስትናገሪ አብሮሽ የሚቆም ሰው አላህ አያሳጣሽ።

አባትሽ
ዘይኑዲን