ዶክተር ቱራ ኪልስጎርና ሕዋስ የሚተከልበት ስስ ፕላስቲክ

ዶክተር ቱራ ኪልስጎር ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ አናስ ኪልስጎርና ከወይዘሮ ማግዳ ሉንድ በዴንማርክ ምዕራብ ጠረፍ፣ በቲቦሮን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ተወለዱ። በ1977 በኮፐንሃገን በኬሚስትሪ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1979 ከመምህር ሞገንስ ብሩን ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሲግኔን ወለዱ።

ሥራቸው ሕዋስ እንዲበቅልበት በስስ ፕላስቲክ ገጽ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ጉድጓዶችና ሸንተረሮች ማተም፣ እያንዳንዱንም በየራሱ ኬሚካል መቀባት ነበር። «ሕዋስም እንደ ሰው ነው፤ እግሩን የሚተክልበት ካላገኘ አይቀመጥም» ይሉ ነበር።

በ1993 ታናሽ ወንድማቸው ኢቨር በጀልባቸው ላይ ሳሉ የማጽጃ ኬሚካል አንድ ዓይናቸውን አቃጠለው። በዚያ ፕላስቲክ ላይ ሕዋስ አብቅሎ ዓይን ላይ መትከል ገና በሙከራ ላይ ነበር። ረዳታቸው ቪቤኬ፣ «ቱራ፣ ቅባቱን እንባ ያጥበው እንደሆነ አላየንም፤ እባክሽ እንታገሥ» አሏቸው። እሳቸው ግን «ወንድሜ እያየሁት ዓይኑ ይጥፋ?» ብለው ፕላስቲኩን ለወንድማቸው የዓይን ሐኪም ሰጡ። ሕዋሱ ከተተከለ በኋላ ቅባቱ በእንባ ታጠበ፤ ዓይኑን ጠባሳ ወረሰው፤ ጠፋም።

ዶክተር ቱራ አልሸሸጉም። በወንድማቸው አልጋ አጠገብ ቆመው «እንዳልቸኩል ተነግሮኝ ነው የቸኮልኩት» አሏቸው። ኢቨርም «ተይ እንጂ እህት ዓለም! ዓሣ በአንድ ዓይንም ይታያል» ብለው ሳቁ። ሳቁ ከስድብ የባሰ ቆረጣቸው። ከዚያ ወዲህ በገና ማዕድ ፊታቸው እንዳይታይ በወንድማቸው በማያየው ዓይን ወገን ይቀመጡ ጀመር። ሞገንስ «ኧረ ቦታ ቀይሪ» ቢሏቸውም አልሰሙም።

ኬሚካሉ ከላይ መቀባቱ ቀርቶ በብርሃን ኃይል ከፕላስቲኩ ጋር እንዲዋሐድ ለማድረግ ከአሥር ዓመት በላይ ደከሙ። በ2004 አንዲት የኦልቦርግ ዳቦ ጋጋሪ በዚሁ ገጽ ላይ በበቀለ ሕዋስ ዓይናቸው በራላቸው። ዶክተር ቱራ ለዚህ የተሰጣቸውን ሜዳሊያ ግን «ለወንድሜ አልደረሰም» ብለው መለሱ።

በ2021 የጣፊያ ካንሰር ያዛቸው። በመጨረሻው ሳምንት ወንድማቸውን አሁንም ይቅርታ ሲለምኑ ኢቨር የእህታቸውን እጅ ይዘው፣ «እኔማ ይቅር ያልኩሽ ያኔ ነው፤ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ» አሏቸው። ዶክተር ቱራ እጃቸውን አልነጠቁም።

ኖቬምበር 9 ቀን 2022 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ሞገንስ፣ ልጃቸው ሲግኔ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ኢቨር በሐዘን ቀርተዋል።

በምድር ለራሳቸው የነፈጉትን ምሕረት ፈጣሪ በሰማይ አይንፈጋቸው።