ከአጥሩ ውጭ ያለው ውኃ

አባያ ዳር፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ውድ ቶማ፣

ይህን የት ሆነህ እንደምታነበው አላውቅም። የጎረቤትህ የፈጠነች ወንድም ቤኒ አንተ በሄድክበት መንገድ ሊሄድ ነው። ከሞያሌ ወዲያ ያገሩን ሰው ባገኘ ቁጥር ስምህን እንደሚጠይቅ ቃል ገብቶልኛል፤ ደብዳቤውንም እናቱ በኮቱ ገበር ውስጥ ትሰፋለታለች። ቤኒ ከጠፋ ደብዳቤውም ይጠፋል። ይህን ሳስብ ብዕሩን አስቀመጥኩት። መልሼ ያነሳሁት ከሌላ አፍ ሳትሰማ ከእኔ እንድትሰማው የምፈልገው ነገር ስላለ ነው።

ከቤትህ ወጥቻለሁ።

ወደ ሶዶ አልተመለስኩም። ሌላ ሰውም የለም። እዚሁ ሐይቁ ዳር ነኝ፤ ከእናትህ ግቢ ቢጣሩ በሚሰማበት ቦታ፣ በራሴ ጎጆ ውስጥ። ለምን እንደወጣሁ እንድትረዳኝ ግን ስለ ውኃው አጥር ልነግርህ ይገባል። አጥሩን ታውቀዋለህ፤ አጠገቡ ተወልደሃል። እኔ እንዳወቅሁት ግን አታውቀውም።

*

«እስክደውል ድረስ እናቴ ጋ ቆዪ» ብለኸኝ የሄድክ ሰሞን፣ የሶዶውን ቤት ለቅቄ፣ የጽሕፈት ሥራዬንም ትቼ፣ በአይሱዙ ዲምቱ ወረድኩ። ከዚያ በእግር። በማግስቱ እናትህ የእጄን አንጓ ይዘው ወደ ውኃው ወሰዱኝ። እንደ ሕፃን መያዜ አሳፈረኝ። ሐይቁ ጡብ የታጠበበት ውኃ መሰለኝ፤ ቀይ፣ በሆዱ ምን እንዳለ የማይናገር። ችካሎች ጎን ለጎን ከዳር ተነስተው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው ዳር ይደርሳሉ። ሴቶች በዚያ ግማሽ ክብ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጀሪካን ይሞላሉ። አዞው ከውጭ ይቀራል።

እናትህ አንዱን ችካል በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«የቶማ» አሉ።

እጄን የለቀቁኝ ያኔ ነው።

በየቤቱ አንድ ችካል። የቤቱ ወንድ ከግራር ቆርጦ ያመጣል፣ ሲመታ እጁን አኑሮበት ይቆማል፣ ሲሰበር ይጠግናል። ችካል ያለው ቤት ከአጥሩ ውስጥ ይቀዳል፤ የሌለው ከውጭ። በሶዶ ሳለን «እዚያ አዞ አለ ወይ?» ስልህ «አለ፤ ግን ያውቀናል» ብለህ ስቀህ ነበር። እኔን ግን አያውቀኝም ማለት ፈልጌ ነበር።

*

ሰዉን ማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በሶዶ ያገኘኝ ሁሉ «ደወለ?» ይለኝ ነበር። የባንኩ ዘበኛ ሳይቀር። እዚህ ማንም አይጠይቅም። «ሳሮ?» ብለው ሰላም ይሉኛል፣ «ሳሮ» እላለሁ፣ ያልፋሉ። ፊት የነሱኝ መሰለኝ። አንድ ቀን ፈጠነችን፣ ያችን ዓሣ ነጋዴ ጎረቤትህን፣ ለምን እንደማይጠይቁኝ ጠየቅኋት። ታውቃታለህ፤ አማርኛ ስታወራ ሴቱን ሁሉ ወንድ ታደርገዋለች። ስሜንም ትታ በከተማዬ ትጠራኛለች።

«ሶዶ፣ አንተ ሞኝ ነህ እንዴ?» አለችኝ፣ የቆሮሶ ዓሣ ሆድ እየቀደደች። «እኛ ብንጠይቅህ መልስ መስጠት አለብህ። ከየት ታመጣለህ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝምታቸውን እንደ ምግብ እቀበለው ጀመር።

አባ ቦልቴንም ያወቅኋቸው ቀስ እያልኩ ነው። የአጥሩ አባት መሆናቸውን እንኳ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ እኔ በባታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ነበር የማውቃቸው። ለልጆቹ «አዞ ነው» ይላሉ። ለወንጌላዊው «ውሻ ነው» ብለዋቸዋል። እኔ ስጠይቃቸው ዞር ዞር ብለው አይተው «ሚስቴ ናት፤ እንዳትነግሪ» አሉኝ።

*

ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ይሞላል፣ ጉማሬዎች አጥሩን ይጥሱታል፣ ጥቅምት ላይ እንደገና ይተከላል። ያለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሲተክሉ ቦታህን ክፍት ተዉልህ። «መንገደኛ ነው» ብለው በእሾህ ቅርንጫፍ ደፈኑት። ያኔ ገና ከናይሮቢ ወደ ዲምቱ ደውለህ «አትስጉ» ያልክበት ሰሞን ነበር። እኔም አልሰጋሁም። ወይም የሰጋሁት እንደ ሰው ሁሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድምፅህ የለም። መንገድ ያስያዘህ ደላላ ለእናትህ የነገራቸውን እነግርሃለሁ፤ አንተ ብታነበው ትስቅበታለህ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ከናንተ ጋር የወጡት በአንድ ትልቅ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሻገሩ አለ። ጀልባው ተገለበጠ አለ። ማን ዳነ? «የዳኑ አሉ» አለ። እነማን? ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ማየት ጀመረ።

አንተ ዋና ታውቃለህ። ይህን ለእናትህ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ግን አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልገው ለእኔ ነው።

*

በዚህ ዓመት መስከረም እሾህህ በሰበሰ። አንድ ጠዋት ፈጠነች ከአጥሩ ውስጥ ስትቀዳ ጀሪካኑ ከእጇ ተመነጨቀ። አዞ በአንተ ክፍት ገብቶ ነው። እሷ ወደ ዳር ወጣች፣ አዞው ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። ኋላ ማዕበል መለሰላት፤ የጥርሱን ቀዳዳ ለሁሉ እያሳየች «ወንፊት ገዛሁ» እያለች ትስቅ ነበር። ዓሣዋን ግን ለቀናት ሌላ ሰው ቀደደላት።

ዱቡሻው ላይ፣ ሸንጎ ከሚቀመጥበት ዛፍ ሥር፣ ሰው ተሰበሰበ። አባ ቦልቴ ብዙ አላወሩም።

«ክፍቱ ይዘጋል። እንዴት እንደሚዘጋ የቤቱ ሰው ይናገር።»

ሁለት መንገድ ነበረ። አባትህ ሲሞቱ እናትህ በባላቸው ቦታ ተክለዋል፤ አንተ ስታድግ ቦታውን ከእጃቸው ተቀብለህ የራስህን ተክለሃል። ከወንድ እጅ ወደ እናት ወይም ወደ ሚስት የሚመለስ ችካል የሞተ ሰው ችካል ብቻ ነው። ከሁለት አንዳችን ብንተክል ሞተሃል ማለት ነው፤ ያን ቀን ለቅሶ ይቀመጣሉ። ካልተከልን ደግሞ የግራና የቀኝ ችካሎች ይጠጋጋሉ፣ ቦታህ ይጠፋል፣ ቤትህ ከውጭ ይቀዳል።

«ቅጣት አይደለም» አሉ አባ ቦልቴ፣ እኔን እያዩ። «እንጨት ብቻውን አዞ አይከለክልም። የሚጠግነው ሰው ነው የሚከለክለው።»

እናትህ ከመሬት አልተነሱም። «ልጄ መንገድ ላይ ነው» አሉ። «ዝጉት። እኔ ከውጭ እቀዳለሁ።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር ልላቸው እየታገልኩ ነው።

*

ከውጭ መቅዳት እንዲህ ነው። እናትህ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይገባሉ፣ ያጎነብሳሉ። እኔ ከጎናቸው ረጅም እንጨት ይዤ ውኃውን አያለሁ። ጀሪካን ሲሞላ ቡል ቡል ይላል፤ ድምፁ የሚጠራ ይመስለኛል። የተንሳፈፈ ቅጠል ዓይን አለው። ጉቶው ትናንት እዚያ ነበር? «እማማ፣ በቃ፣ ግማሹ ይበቃል» እላለሁ። «ግማሽ ጀሪካን ምን ይሆናል?» ይላሉ፣ ቀና ሳይሉ። ልቅዳ ስላቸው እንቢ አሉ። ልጄ ሲመጣ ሚስቱን አዞ በላት አልለውም አሉ።

እማማ እኔ ልትከል ብዬ ለመንኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ተክለሽ ልጄን ልትገድዪ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። መልሱን በእውነት የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

ቶማ፣ የማልናገረውን ልናገር። እዚያ እንጨት ይዤ ስቆም፣ ሞተህ ቢሆን ብዬ የተመኘሁበት ጠዋት አለ። እንድትሞት አይደለም። ሞተህ ከሆነ፣ እንዲታወቅ። እናትህ ቀና ብለው ከአጥሩ ውስጥ እንዲቀዱ። ወዲያው ውኃው የሰማኝ መሰለኝና እሳቸውን በቀሚሳቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። ጀሪካኑ ተደፋ። ለምን እንዳወጣኋቸው ጠየቁኝ። አዞ አየሁ አልኩ።

*

መንገዱን ያገኘሁት ፈጠነች ጋ ዓሣ ስናጸዳ ነው። ወንጌላዊ ኤልሳዕ ከጉኑኖ የመጡ ሰው ናቸው፤ ችካል አላቸው። እንዴት? ስላት «ቤት አለው፣ እሳት ያነዳል፣ ታዲያ ምን ይከልክለው?» አለች። እንግዳ ሲመጣባቸውስ?

«እንግዳ በቤቱ ባለቤት ችካል ይቀዳል። እንግዳን ለአዞ ትሰጣለህ እንዴ?»

ቢላውን ይዤ ቆምኩ። እሷም አየችኝ። የኔን ሐሳብ ከኔ ቀድማ ጨረሰችው መሰለኝ፤ ቢላዋን አስቀመጠች።

«ሶዶ» አለች ቀስ ብላ። «ከቤቱ መውጣት አለብህ እኮ። እውነት መውጣት። የቶማ ሚስት ሆነህ አይሆንም።»

ዱቡሻው ላይ ጎጆ ልሥራ፣ የራሴን ችካል ልትከል ብዬ ስናገር ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። ሚስት ከባሏ ቤት ወጥታ አጠገቡ ጎጆ ትሠራለች? ይህ የት አገር ነው? አንዱ «የከተማ ነው» አለ። ፈጠነች ተነሥታ የተበሳውን ጀሪካን መሐል አስቀመጠችና ተመልሳ ተቀመጠች።

አባ ቦልቴ ጣታቸውን በጀሪካኑ የጥርስ ቀዳዳ ውስጥ ከተቱ።

«ወጣሁ ካልሽ ወጥተሻል። በኋላ አልወጣሁም አይባልም። ቶማ ቢመጣና ሚስቴስ ቢለን ምን እንበለው?»

«እዚያ ናት በሉት» አልኩ።

ሰው እንደገና ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔም።

*

ጎጆዋን ወንዶቹ በደቦ ሠሩልኝ። ግራሩን ግን ራሴ ቆረጥኩ፤ መጥረቢያው አውራ ጣቴን ላጠው። ችካሉ ሲመታ እጄን አኑሬበት ውኃው ውስጥ ቆምኩ፤ በእያንዳንዱ ምት እንጨቱ እስከ ጥርሴ ይሰማኝ ነበር።

«የማን ነው?» አሉ አባ ቦልቴ፣ እንደ ሥርዓቱ።

«የመብራት ሐብተማርያም።»

እናትህ ዳር ላይ አልነበሩም። በዚያው ቀን የአንተን ቦታ በግራና በቀኝ አጠጋጉት። አየሁ። ዓይኔን አላዞርኩም፤ ለዚህ ነው የምነግርህ።

ከዚያ በኋላ እናትህ ዘጉኝ። ጠዋት ጀሪካን ይዘው በደጄ ያልፋሉ፤ እንጨቴን ይዤ ከኋላቸው እወርዳለሁ፤ ከውጭ ይቀዳሉ። እኔም ችካሌ ከተተከለ ወዲህ እንደ እሳቸው ከውጭ እቀዳለሁ እንጂ ከአጥሩ ውስጥ አንዲት ጣሳ እንኳ አልቀዳሁም። ማታ ማታ ቤተሰብ አፍርሼ የተረፈኝ እንጨት ብቻ ነው እላለሁ። አልተኛም።

ዛሬ ጠዋት ደጄ ላይ ድምፅ ሰማሁ። እንደ መንገደኛ ነበር የተጣሩት፤ ስሜን ሳይጠሩ።

«ሰው አለ?»

ወጣሁ። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ቀን ሳይሆን። ጀሪካኑን ከኋላቸው ይዘውታል። ሁለታችንም ቀጥሎ ምን እንደሚባል የረሳን መሰለኝ።

«ይግቡ፣ እንግዳ» አልኩ።

ገቡ። ጎጆዋን ዞረው አዩ፤ ጣሪያውን፣ ምሰሶውን፣ ምድጃውን። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ስኳር ድንች ከዳጣ ጋር አቀረብኩ። ነካ አድርገው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ለእንግዳ ትናንት የተቀቀለ ይሰጣል?»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በኋላ ያለውን አልጽፍልህም። እሳቸው ስኳር ድንቹን ጨረሱት።

አብረን ወረድን። ከአጥሩ ውስጥ ገቡ፣ አጎነበሱ፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞሉት። ጊዜ ወስደው። አንዲት ሴት «እንግዳ እስከ መቼ እንግዳ ይሆናል?» ስትል ሰማሁ። አባ ቦልቴ ዳር ላይ መረብ እየጠገኑ ነበር፤ «እስኪሄድ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ነገም ይመጡ እንደሆነ አላውቅም። እንግዳ ነገን አይናገርም። በእሳቸው ቤት አንተ መንገድ ላይ ነህ፤ ማንም አልገደለህም። በእኔ ቤት ምን እንደሆንክ እኔም አላውቅም። ሚስትህ ነኝ ብል መንደሩ ይስቃል፤ አይደለሁም ብል እጄ መጻፉን ያቆማል።

አንድ ነገር ብቻ ስማኝ። ስትመጣ መኪናው ዲምቱ ያወርድሃል፣ ሙቀቱ ያቃጥልሃል፣ አቧራህን ሳታራግፍ በቀጥታ ወደ ውኃው መውረድ ያምርሃል። አትውረድ። አጥሩ ውስጥ ቦታ የለህም፤ ከውጭ ያለው አዞም ረስቶህ ይሆናል። መጀመሪያ ደጄ ላይ ቁምና ተጣራ። ካልሰማሁ ደግመህ ተጣራ። እወጣለሁ፤ ማንነትህን አልጠይቅህም፣ አብሬህ እወርዳለሁ።

የሚጠብቅህ በር ያላት፣

መብራት