ያልበሰለ ኖራ

ጥር 6
ደረስኩ። ያረጀች ከተማ ናት፤ ወንዙ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህኛው ዳር ቤተ ክርስቲያን፣ በወዲያኛው መስጊድ፣ መሃል ላይ የድንጋይ ድልድይ። አጎቴ (ጋሼ ነው የምለው) ሠላሳ ዓመት የሁለቱንም ግድግዳ በኖራ ሲለስን ኖሯል። አስተማሪ ላይ ዳስተር ወርውሬ ትምህርት ከተውኩ ወዲህ የእማዬ ሥራ እኔን ዘመድ ቤት መላክ ሆኗል። "ወንዝ እያየሽ ቀልብሽ ይመለስ" አለች። አየሁት... ቡኒ ነው። በቃ።

ጥር 9
ባልዲ፣ ባልዲ፣ ባልዲ። መስጊዱ ጥግ አዲስ የኖራ ጉድጓድ ሞላን። ክንዴ የኔ አልመስል አለኝ። ኖራው ውሃ ሲነካው ይንተከተካል። "ዘመድሽ ነው" ይላል ጋሼ። ወር ሙሉ ውሃ ለብሶ ካልበሰለ ግድግዳ አይነካም አሉ... ወር!

ጥር 13
ጋሼን ወገቡን ያዘው። "የመስጊዱን አንቺ ጨርሺው። ከአሮጌው ጉድጓድ ቅጂ፤ አዲሱን እንዳትነኪ!" አሮጌው ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከድልድዩ ማዶ። ስድስቴ ተመላለስኩ። ከዚያ... ሁለቱም ነጭ አይደል? ከአዲሱ ቀዳሁ።

ጥር 18
ግድግዳው ፈንጣጣ አወጣ። እያበጠ ይረግፋል። ድልድዩ ላይ ሁለት ሴቶች፦ "ለቤተ ክርስቲያኑ ጥሩውን፣ ለኛ ገለባውን።" ለጋሼ ነገርኩት፣ ሁሉንም። "የጋሼ እጅ አርጅቶ ነው በያቸው" አለኝ ከአልጋው ሳይነሳ።
"ለምን ትዋሻለህ!" ብዬ ጮኽኩበት። የታመመ ሰው ላይ...

ጥር 19
ተሻገርኩ። የመስጊዱ ጠባቂ ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።
"አባባ፣ የጋሼ ጥፋት አይደለም። ደክሞኝ ካልበሰለው የቀዳሁት እኔ ነኝ።"
ከግድግዳው የረገፈ ኖራ አንስተው በጣታቸው ፈተጉት። ስድብ ይሻለኝ ነበር።
"ስንት ባልዲ ቀርቶሽ ነበር?"
"አራት።"
"ለአራት ባልዲ!" ሳቁ። "በይ መፋቂያ አምጪ። ሰው ሁሉ ፊት ነው የምትፍቂው።"

ጥር 22
ጥፍሬ አለቀ። ሴቶቹ መጥተው አዩኝ። አንዷ "እጅሽ ይደማል እኮ" ብላ ጨርቅ ሰጠችኝ። አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ለቤተ ክርስቲያኑ ነበር። ቄሱ "ለነሱ አድርጉት፤ የኛ ይቆያል" አሉ።

የካቲት 6
ዛሬ መመለሻዬ ነበር። አልሄድኩም። የመስጊዱ ግድግዳ አልቋል፤ ስነካው ደረቅ ነው፣ አይረግፍም። ቄሱ አዲሱ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው "ደረሰ ልጄ?" አሉ። በጣቴ አሸሁት። ቅቤ ሊሆን ምንም አልቀረው... ግን ትንሽ ይቆረቁራል።
"ገና ነው አባ። ሦስት ቀን ይቀረዋል።"
ጋሼ ወገቡን ይዞ ሳቀብኝ። ይሳቅ።
ማታ እማዬ ደወለች። "ቀልብሽ ተመለሰ?"
"ሦስት ቀን ይቀረዋል" አልኳት።